የሳክስፎኑ ቦታ

ያንን ካሴት ዛሬም ሰው ቤት ተከፍቶ ስሰማው፣ ሦስተኛው ዘፈን ሳይደርስ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። አንዳንዱ የራሷን ድምፅ መስማት ታፍራለች ይለኛል። ይበል። በቅርቡ አንድ ወጣት ሙዚቀኛ መቱ ድረስ መጥቶ፣ "እናንተ ትጫወቱት የነበረው እኮ ፊውዥን ጃዝ ነው፤ ከዘመናችሁ ቀድማችሁ ነበር" አለኝ። ሳቄ መጣ። እኛ ከዘመናችን አልቀደምንም፤ እስከ አንገታችን ውስጡ ነበርን። ደግሞም የመቱ ሰው ለሙዚቃችን ያወጣለት ስም ሌላ ነበር። "ማካሮኒ በሽሮ" ነበር የሚሉን።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ባንዱን ያቋቋሙት አኮርዲዮን የሚጫወቱት መሪያችን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በንጉሡ ጊዜ ጎሬ ላይ፣ የቡና ነጋዴ የሚያርፍበት አንድ ሆቴል ውስጥ ጀመሩት። ጋሼ ጆሯቸው የሰማውን ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ መጨመር ይወዳሉ። ከፈረንጅ ሸክላ የሰሙትን ጃዝ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ማሕሌት ቆመው የለመዱትን ዜማ፣ ያዮ ጫካ ውስጥ ቡና ለቃሚዎች በኦሮምኛ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑትን፣ ሁሉንም ያገናኙታል። ክራሩ ከኤሌክትሪክ ጊታሩ ጎን ይቀመጣል፤ ከበሮው ከድራሙ ጋር ይጣላል። አንዳንድ ቀን በጣም ያምር ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማካሮኒ በሽሮ ነበር።

አብዮቱ መጥቶ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ ሲወርድ ባንዱም አብሮ ወረደ፤ ስሙም የኪነት ቡድን ተባለ። ካኪ አለበሱን። አንድ ካድሬ ልምምዳችንን ቁጭ ብሎ ሰማና፣ "ጃዝ የኢምፔሪያሊስቶች ሙዚቃ ነው" አለ። ጋሼ አኮርዲዮናቸውን ከደረታቸው ሳያወርዱ፣ "ጓድ፣ ጃዝ እኮ በባርነት የተሸጡ ጥቁር ጭቁኖች ያወጡት ሙዚቃ ነው" አሉት። ካድሬው አገጩን ይዞ ብዙ አሰበ፤ በመጨረሻ፣ መጀመሪያ ለአብዮቱ ከተዘፈነ ሌላው እንደሚታይ ነገረን። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ለአብዮቱ፣ ቀጥሎ ለራሳችን እንዘፍን ነበር። ቡሬ ብንሄድ፣ ጎሬ ብንወጣ፣ ያዮ መንገድ ላይ ጭቃ የያዘው መኪና ስንገፋ ብንውል፣ ማታውኑ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

እኔ ዘፋኟ ነበርኩ። ቀን ቀን በኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና እሸጣለሁ፤ ሱቁ ሲዘጋ አዳራሽ እገባለሁ። ምላሴ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ያን ጊዜም ይሉኝ ነበር። ስኳር ጎደለብኝ ብሎ ሲጮህ የዋለ ሰውዬ፣ ማታ መድረክ ላይ ሲያጨበጭብልኝ ሳይ በማይክሮፎን የቀን ጸባዩን እነግርበታለሁ። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

እሱ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። መቱ ውስጥ፣ እኔ እስከማውቀውም በመላው ኢሉባቦር፣ ሳክስፎን ያለው እሱ ብቻ ነበር። ጎሬ ላይ ከአንድ ጡረተኛ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰው ነው የተማረው፤ ሰውየው ሲሞቱ መሣሪያውን ለእሱ ተናዘዙለት። ስለዚህ በእኛ አገር ሳክስፎን ማለት እሱ ነበር። ሕፃናት መንገድ ላይ ሲያገኙት ስሙን አይጠሩትም፤ ጉንጫቸውን ነፍተው ጣታቸውን ያንቀሳቅሱለታል። ከሩቅ ድምፁ ከተሰማ ሰው "እንትና እየነፋ ነው" ነው የሚለው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

የፊት ጥርሱ ጫፍ የተሸረፈ ነበር፤ ልጅ ሆኖ ሶር ወንዝ ሲዋኝ ድንጋይ መትቶት ነው። በዚያች ሽራፊ የተነሳ ዜማ ሲጀምር ከድምፁ ቀድማ ትንሽ ትንፋሽ ታመልጠዋለች። ፍስ ትላለች፤ ከዚያ ድምፁ ይከተላል። ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን ይቆጡ ነበር። ኋላ ግን፣ "ይቺ ትንፋሽ የጠፋች ዕለት ባንዱን እዘጋዋለሁ" ማለት ጀመሩ። እኔም ስንኜን ጨርሼ ከማይክሮፎኑ ፈቀቅ ስል ጆሮዬን የምጥለው እሷ ላይ ነው። ፍስ ስትል ሆዴ ይረጋጋል።

እወደው ነበር። ይሄን ጠምዝዤ የምናገርበት ዕድሜ አይደለም ያለሁት። ቀልደኛ አልነበረም፣ መልከ መልካምም አይደለም፤ ቡና መጋዘን ሲሠራ የሚውል፣ ጆንያ ጆንያ የሚሸት ሰው ነበር። እኔ አስር ቃል ስናገር እሱ አንድ ይመልሳል። ያቺ አንዷ ግን ከእኔ አስሩ ትበልጣለች።

እናቱ አልወደዱኝም። ከያዮ የሚመጣ የጫካ ማር በመቱ ገበያ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ያንን አንድ ልጅ ይዘው የቀሩ ሴት ናቸው። አማርኛውን ከኦሮምኛው ሳይለዩ ነው የሚናገሩት። ልጃቸው ሲነፋ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እኔ ስዘፍን ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አንድ የገበያ ቀን ማር ልገዛ ቀርቤ ሰላም አልኳቸው። ማሩን እየቀዱ፣ ቀና ሳይሉ፣

"ስሚ ኢንታላ" አሉኝ። በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። "እኔ አንቺን አልጠላሽም። ግን አገር ቆሞ የሚያያት ምራት ቤቴ አላስገባም።"

"ልጅዎንስ አገር ቆሞ እያየው አይደል እትዬ? አንድ መድረክ ላይ እኮ ነን" አልኳቸው።

"እሱ ወንድ ነው። ቢነፋ ምን አለበት?"

"እኔስ አፌን ከመክፈት በቀር ምን አደረግኩ?"

"እሱን ነው የምልሽ!" አሉ። የማሩን ምርቃት ግን አልነፈጉኝም፤ እንዲያውም ከሌላው ሰው ሁሉ አትርፈው ነው የጨመሩልኝ። እንደዚህ ያሉ ሴት ነበሩ።

ለእሱ ነገርኩት። "እሷን ለእኔ ተዪልኝ" አለኝ። ከፋሲካ በኋላ እናቱን እሺ አሰኝቶ ለወላጆቼ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋገርን። እስከዚያ ድረስ እኔ ለእሱ ምኑም አልነበርኩም። የባንዱ ዘፋኝ፣ በቃ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሲመኙት የኖሩት ነገር ተሳካ። እስከዚያ ድረስ የእኛ ካሴት ማለት አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ፣ ሱቅ ያላቸው ልጆች ከቴፕ ወደ ቴፕ እየገለበጡ የሚቀባበሉት ነበር። አሁን ግን አንድ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት አዲስ ሥራ ከላካችሁልኝ በሥርዓቱ አባዝቼ፣ ፎቷችሁን ሽፋኑ ላይ አድርጌ አወጣዋለሁ አላቸው። ጋሼ በደስታ ሁለት ቀን ለሰው ሁሉ "ጓድ" ማለት ረስተው "ጌታዬ" ሲሉ ሰነበቱ። ልምምዱ ተጧጧፈ። ሦስተኛው ዘፈን የእሱ ነበር። ያዮ መንገድ ላይ መኪናችን ጭቃ ይዞት ውለን፣ እኛ ስንራገም እሱ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ያወጣው ዜማ ነው። እኔ መጀመሪያ እዘፍናለሁ፤ ከዚያ እሱ ብቻውን እንደፈለገ ይነፋል፤ ሲጨርስ እኔ መዝጊያውን ይዤ እመለሳለሁ።

ልንቀዳ ስንዘጋጅ ትእዛዝ መጣ። ሰሜን ግንባር ላለው ሠራዊት የሚዘፍን የኪነት ቡድን እየተሰባሰበ ነው፣ ከእናንተም አንድ ሰው ይሂድ ተባለ። ጋሼ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሴት አይሆንም ተባለ። ካድሬው፣ "ሳክስፎኑ ለማርሽ ይመቻል" አለ። በዚህች አንዲት አረፍተ ነገር አለቀ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው እንደሚባለው ያን ቀን እጄ ላይ የነበረው የስኳር ማንኪያ ብቻ መሆኑ በጀ።

የሄደ ለት ጠዋት መቱ መናኸሪያ ሁላችንም ወጣን። እናቱ በአውቶቡሱ በወዲህ በኩል፣ እኔ በወዲያ በኩል ቆምን። እሱ አንዴ በዚህ መስኮት፣ አንዴ በዚያ መስኮት ብቅ ይላል። ለእናቱ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ለእኔ "ከፋሲካ በኋላ" ብቻ አለኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ለጋሼ በሳቅ፣ "ቦታዬን ለሰው እንዳትሰጡብኝ!" ብሎ ጮኸ። ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሰበሩለት።

ቃላቸውን ጠበቁ። ሙዚቃ ቤቱ ስላጣደፈን ያለ እሱ ቀዳን። የቀዳነው በቀበሌ አዳራሽ ነው። ድምፅ የሚስተካከለው በሰው እግር ነበር፤ ማለቴ፣ ድምፁ የሚጎላው ሰው ከማይክሮፎኑ ይርቃል፣ ድምፁ ቀጭን የሆነው ይጠጋል። እኔ አፍንጫዬ ሊነካው ይደርሳል፤ ድራሙ ጥግ ነው። የሳክስፎን ቦታ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነበር። ጋሼ እዚያ ባዶ ወንበር አስቀመጡ፤ ማንም በዚያ በኩል እንዳይገባ ብለው በሩን ዘጉት። የመቱ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እናቆማለን፤ ሲያባራ እንደገና እንጀምራለን። አንዱ ዘፈን መጨረሻ ላይ ዛሬም ዝናቡ ይሰማል።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ ጋሼ፣ "እሱ የሚነፋበት ክፍት ይተዋል" አሉ። ድራሙና ቤዝ ጊታሩ ብቻ ያንኑ ምት እየደጋገሙ ይዞራሉ፤ ሌላው ዝም ይላል። እሱ ሲመለስ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አንዱ ቴፕ ይህንን ሲያሰማ እሱ በላዩ ይነፋል፣ ሌላው ቴፕ ሁለቱን አንድ ላይ ይቀዳል። የእኛ አገር ዘዴ ይኸው ነበር። "እሱ እስኪመለስ ሙዚቃ ቤቱ ይጠብቃል፣ ተነጋግሬያለሁ" አሉ ጋሼ። ይህንኑ ገበያ ሄደው ለእናቱም ነገሯቸው። "ልጅዎ ከግንባር እንደተመለሰ አዲስ አበባ ሄዶ ይነፋል፤ ያን ጊዜ ካሴቱ ይወጣል" አሏቸው።

ችግሩ እኔ መቼ እንደምመለስ ነበር። እሱ ነፍቶ እስኪጨርስ መጠበቅ አለብኝ፤ የሚነፋ ሰው ግን የለም። ደጋግሜ አበላሸሁት። አንዴ ቀድሜ ገባሁ፤ አንዴ ጭራሽ ሳልገባ ቀረሁ። ጋሼ በመጨረሻ አኮርዲዮናቸውን አስቀምጠው ባዶው ወንበር ኋላ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው የእሱን አነፋፈስ በልባቸው መከተል ጀመሩ። አንገታቸው አብሮ ይወዛወዛል፣ ትከሻቸው ከፍ ይላል፣ እሱ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ላይ እሳቸውም በጣታቸው ጫፍ ይቆማሉ። ሲጨርስላቸው እጃቸውን አወረዱ። እኔ ገባሁ። ድምፄ ተሰንጥቆ ነበር፤ እንደገና እንቅዳው ያለ ግን አልነበረም።

ቴፑ አዲስ አበባ ሄደ። ጋሼ ለሽፋኑ ድሮ ጎሬ የተነሳነውን ፎቶ ነው የላኩት። እሱ ከኋላ ሳክስፎኑን አቅፎ የቆመበትን ማለት ነው፤ ያለ እሱ የተነሳነውን አልላኩም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ፣ ሄደም። ክረምቱ ገባ። ከሱ ምንም ነገር አልተሰማም። እናቱ ገበያ ላይ ሰሜን ደርሶ የመጣ ወታደር ካዩ ማሩን ጥለው ይከተላሉ። እኔም እከተላለሁ፤ ግን እንደ ሱቅ ሠራተኛ፣ እንደ አላፊ አግዳሚ እየመሰልኩ። "ምኑ ነሽ?" ብባል ምን እላለሁ?

አንድ ቀን ክንዱን ያጣ ወታደር ቡሬ ወደ ቤተሰቦቹ መመለሱን ሰማሁና በአውቶቡስ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት፤ ገና ለጋ ነው። የኪነት ሰዎችን አይተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ሊዘፍኑልን የመጡ ዕለት ቦታውን ለቃችሁ ውጡ ተባልን። የእነሱ መኪና ከፊታችን ነበር። ተመታ፤ ነደደ።"

"የወረደ ሰው አለ?"

"እኔ ያየሁት የለም።" ከዚያ በተረፈው እጁ አየሩ ላይ ጎበጥ ያለ ነገር ሠራ። "አንድ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቀንድ የታጠፈ መለከት ነበራቸው። እሱን ነው ወድቆ ያየሁት። ተጨራምቶ ነበር።"

ከቡሬ እስከ መቱ እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም። ጋሼ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። የእድሩን ዳኛ አስጠሩ። ሁለቱም አንድ ነገር ነው ያሉት። ከመንግሥት ወረቀት ሳይመጣ መርዶ አይነገርም። ግንባር ያለ ሰው ሞተ ብሎ ለቅሶ መቀመጥ፣ ማን ነገራችሁ ያሰኛል፣ ያስይዛል። ደግሞስ ባይሞት? በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ከማልቀስ በከለከሉኝ ሰዎች አልፈርድም፤ እውነታቸውን ነው። ግን ያኔ ጠላኋቸው። ነጋ ጠባ ስኳር እመዝናለሁ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ ለአብዮቱ እዘፍናለሁ፣ እናቱን ገበያ ሳገኛቸው ሰላም እላለሁ። ዕንባ ነበረኝ፣ የማፈስበት ቦታ ግን አልነበረኝም።

ካሴቱ የወጣው በገበያ ቀን ነው። እኛ እንኳ አልተነገረንም። ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ ማዶ ካለው የካሴት ሱቅ የራሴን ድምፅ በትልቁ ሰማሁ። ሰው "ማካሮኒ በሽሮ መጡ!" እያለ ይሳሳቃል። መጀመሪያው ዘፈን አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ፣ ሦስተኛው መጣ። ስንኜን ጨረስኩ። ድራሙና ቤዙ ብቻቸውን የሚዞሩበት ቦታ ደረሰ። እና ሳክስፎን ተነፋ።

ሚዛኑን ለቅቄ ወጣሁ። ሳላስበው እግሬ እየሮጠ ነበር። ምናልባት ወታደሩ ተሳስቶ ነው፤ ምናልባት ሌላ መለከት ነው፤ ምናልባት በሌላ መኪና ነበር። ያን መንገድ ሳቋርጥ ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፈው አያልቅም። ካሴት ሱቁ ደጃፍ ስደርስ ነፊው ትንፋሽ ወስዶ እንደገና ጀመረ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ለስላሳ፣ እንከን የሌለው ነው። ፍስ የለችም። እንደገና ጀመረ፤ አሁንም የለችም። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

ያን ጊዜ ነው ከማር ተራ እልልታ የተሰማው። እናቱ ናቸው። "ኢልማ ኮ! ልጄ! ልጄ አለ!" እያሉ ነጠላቸው መሬት ላይ እየተጎተተ ይሮጣሉ። ካሴት ሱቁ ገብተው ሽፋኑን ተቀበሉ፤ ፎቶው ላይ ልጃቸውን አዩት፤ ሳሙት። ሰው ሁሉ አብሯቸው እልል አለ። ማን ይጠራጠር? እሱ ከሄደ በኋላ የተቀዳ ነው፤ ሲመለስ አዲስ አበባ ሄዶ ይነፋል ተብሏል፤ ይኸው ተነፋ። ሳክስፎን ደግሞ እሱ ነው። ባለሱቁ ለደስታቸው ብሎ ያንን ቦታ ወደ ኋላ እየመለሰ ደጋግሞ አሰማቸው።

ጋሼ ቴሌ ሄደው ሙዚቃ ቤቱን በስልክ አገኙት። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሰውየው የተናገረውን ቃል በቃል ነገሩኝ። "እርስዎ የተነጋገሩት ሰው ከእኛ ለቋል፤ እዚያ ጋ ባዶ ቀርቶባችሁ ነበር፤ የቀረጻ ስህተት መስሎን አንድ ጎበዝ ባለሙያ አስነፋንበት። አሳመርንላችሁ እኮ!" ሰውየው ክፉ አልነበረም። ምስጋና ነበር የሚጠብቀው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ መርዶ በሚነገርበት ጎሕ ሲቀድ ሳይሆን ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ሱቅ ልከፍት ስወጣ እናቱን በሬ ላይ አገኘኋቸው። ቤቴ መጥተው አያውቁም። አንድ እንስራ ማር አሸክመው፣ ለራሳቸው ስንቅ ቋጥረዋል። ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ተሸካሚውን አሰናበቱ፤ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።

"አዲስ አበባ ልሄድ ነው" አሉ። "አውቶቡሱ ነገ ነው። አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

"እትዬ..."

"ቆይ፣ እኔ ልናገር። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ልጄ ካለ ለምን አልጻፈልኝም? ለምን ቤቱ አልመጣም? ገባኝ። ተቀይሞኝ ነው። ሲሄድ በመስኮት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'እማዬ፣ እሷን እሺ በዪኝ' አለኝ። እኔ ደግሞ እምቢ አልኩት። አውቶቡሱ እየሄደ እምቢ አልኩት። አሁን ተቀይሞ አዲስ አበባ ቀረብኝ።"

ከቋጠሮው ውስጥ አንድ ነጠላ አወጡ። አዲስ ነው፤ ጥለቱ ሰፊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ። "ለምራቴ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። እሱ ካንቺ ጋር ሲያየኝ ያቺን እምቢታዬን ይረሳታል" አሉና ራሳቸው ትከሻዬ ላይ አለበሱኝ። ጥለቱን እንደ በዓል ቀን ወደ ታች አድርገው፣ እጥፋቱን አስተካክለው፣ ፈንጠር ብለው አዩኝ። "ያምርብሻል" አሉኝ።

ስንት ዓመት የተመኘሁት ነበር። ይኸው ቤቴ ድረስ መጣልኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? አብሬያቸው ሄጄ፣ አዲስ አበባን ዞረን ዞረን፣ አጣነው ብለን ብንመለስ? ግን ከዚያም በኋላ ይፈልጉታል። በየዓመቱ ይሄዳሉ። እምቢ ስላልኩት ነው እያሉ በየሰው በር ሲጠይቁ ታዩኝ። ይህንን ሸክም ተሸክመው ሲያረጁ ማየት አልችልም ነበር።

ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ቀረብ ብለው ክንዴን ያዙኝ። "አንቺ ትንፋሹን ታውቂያለሽ" አሉ። "አንድ መድረክ ላይ ነን ብለሽኝ አልነበር? ዱጋ ናቲ ሂሚ። እውነቱን ንገሪኝ። እሱ ነው?"

"አይደለም እማዬ" አልኩ። እማዬ ብያቸው አላውቅም ነበር። "ያቺ ትንፋሹ የለችበትም። ሌላ ሰው ነው። አልተቀየመዎትም። እሱ አዲስ አበባ አልደረሰም።" ከዚያ ቡሬ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ወረቀት አልጠበቅኩም፤ እድርም አላማከርኩ።

አልጮኹም። ክንዴን ለቀቁኝ። ውጭ ሰው ወደ ሥራ ይሄዳል፤ አንድ ሰው በሬ ላይ ሲያልፍ ሰላም ብሎ ጮኸ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ትከሻዬ ሰደዱ፤ ነጠላውን ሳብ አድርገው ወሰዱት። መልሰው ሊቋጥሩት ነው አልኩ በሆዴ። እውነታቸውን ነው፤ ምራትነቱ ለልጃቸው ነበር፣ ልጃቸው ከሌለ እኔ ለእሳቸው ማን ነኝ?

ነጠላውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ገለበጡት። ጥለቱን ወደ ላይ አደረጉት። መልሰው አለበሱኝ፤ ባል የሞተባት ሴት እንደምትለብሰው አንገቴ ላይ አጠንክረው አስያዙልኝ። ከዚያ የራሳቸውንም አዘቅዝቀው ለበሱ።

ያን ጊዜ ነው የጮኹት። እኔም ጮኽኩ። ጎረቤት በሩን ገፍቶ ሲገባ ጎን ለጎን መሬት ተቀምጠን አገኘን፤ ማንም ምኑ ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም።